ተረተሩ ላይ የደረሰኝ ውጤት

አባቴ ታመው የትውልድ ቀዬዬ ራቤል የገባሁት የፊዚክስ ጥናቴ ሊቋጭ ጥቂት ሲቀረው ነበር። እሳቸው ቄስ ናቸው። የምታስታምማቸው ታላቅ እህቴ ናት፤ እኔ እንድማር ገብሱንም በጎቹንም ለብቻዋ የያዘችው እሷ ናት።

የማጠናው እንግዳ የሆነ የቁስ ጠባይ ነው። ኤሌክትሮኖች እንደ ጥቃቅን ማግኔት ናቸው፤ ቁሱ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ሥርዓት ይዘው ይሰለፋሉ። አንዳንድ ቁስ ውስጥ ግን ብርዱ የቱንም ያህል ቢጸና እርስ በርስ እንደተሳሰሩ ሲዋልሉ ይኖራሉ እንጂ አይሰለፉም ይባላል። ይህን በትልቅ ኮምፒውተር እንኳ አስልቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ኒውራል ኔትወርክ የሚባል፣ ከስህተቱ እየተማረ የሚሻሻል ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ላይ እየሠራ ትቼ ነበር የመጣሁት። ከዚያ በፊት ደጋግሞ ከሽፎብኛል።

አባቴ ትንሽ ሲሻላቸው፣ "ፊትሽ ላይ የኔ ሕመም ብቻ አይደለም ያለው። ምን ሆነሻል?" አሉኝ።

"ስልኬ እዚህ ኢንተርኔት አይስብም፤ ሥራዬ የት እንደደረሰ አላውቅም።"

"እንግዲያ እህትሽ ተረተሩ ላይ ታውጣሽ። እስክትመለሱ አልሞትባችሁም።"

ነፋሱ እየገፋን ወጣን። እህቴ መንገድ ላይ፣ "ቆይ፣ ይኼ የምትፈልጊው ነገር መኖሩ ታውቋል?" አለችኝ።

"እሱን ለማወቅ ነው፣ እታለም።"

"ባይኖርስ?"

"አለመኖሩን አውቄ አርፋለሁ።"

"እንዲህም አለ እንዴ ሥራ!" ብላ ሣቀች።

ጫፍ ስንደርስ ስልኬ ያዘ። ፕሮግራሙ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቀውን ትንሹን ናሙና በትክክል ፈትቶታል። በትልቁም ኤሌክትሮኖቹ አልተሰለፉም። "ተሳካ!" ብዬ ጮኽኩ። እህቴ ምንነቱን ሳትጠይቅ እልልታዋን አቀለጠችው።

ከታች ገብስ የሚያርሙ ጎረቤታችን ቀና ብለው፣ "ማን ተገላገለ?" ሲሉ ተጣሩ።

"እህቴ!" አለቻቸው።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ማስረዳት ጀመርኩ። "እሰይ፣ እሰይ" እያሉ ሰምተውኝ መሐል ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ተኝተው አያውቁም ነበር። እህቴ ግን ቁጭ ብላ አስጨረሰችኝ።

አባቴ ድነው ቅዳሴ ገቡ። ጥናቴን ለፈታኞች ባቀረብኩ ዕለት እህቴ አዲስ አበባ መጥታ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምስጋናዬን ከፈጣሪዬ ጀምሬ፣ ከመምህሮቼ አስቀድሜ ስሟን ጠራሁ። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ አንገቷን ደፋች።