ሙሴ ጎርጎርዮስ ለእናቱ ያለቀሰ ዕለት

ሙሴ ጎርጎርዮስ የሚባል ሩሲያዊ ነበር፤ በአገሩ የቲያትርና የፊልም ተዋናይ፣ በጉለሌ ግን ዶሮ አርቢ። ባላቸው የሞተባቸው ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ነበሩ። አንድ ልጃቸው ታደሰ ነበረ፤ ጣልያን ሲገባ ጫካ የገባ። የጓሯችንን ቤት ለሙሴ ያከራዩት አባቴ ነበሩ። የጣልያኖች አስተርጓሚም ነበረ፤ ስሙን ነግሮን አያውቅም፣ እኛም አልጠየቅነውም።

እነዚህን ሰዎች ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ባለፈው እሑድ ጎረቤት ቴሌቪዥን ልናይ ሄደን አንድ ተዋናይ ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ አየችና «አባዬ፣ እንባው ከየት መጣለት?» አለችኝ። ትምህርት ቤት ሳልገባ ከዳዊትና ከአሮጌ ጋዜጣ ፊደል ለቅሜ ያደግሁ ሰው ነኝና ያላወቅሁትን አውቃለሁ ማለት አልወድም። «እንጃ» አልኳት። ይህንኑ ጥያቄ ግን እኔም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ስለ ሙሴ ራሴን ጠይቄ ነበር።

ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም አጥሩን ይሸፍነውና፣ በእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ መሐል የሙሴ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ለዶሮዎቹ ጥሬ እየበተነ በአገሩ ቋንቋ ይፎክርባቸዋል፣ ይለምናቸዋል፣ አንዳንዴም ተንበርክኮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፍቅሩን ይገልጥላቸዋል፤ እነሱም ጥሬያቸውን ጨርሰው ጀርባቸውን ይሰጡታል። «ልክ እንደ ከተማዬ እንደ ኦዴሳ ተመልካቾች ናቸው፤ ካልጣማቸው ጥለው ይሄዳሉ» ይለን ነበር። ድምፅ በሌለው ፊልም ላይ በፊቱ ብቻ ይናገር እንደነበረ፣ አብዮት ሲመጣ የመድረክ ልብሱን እንደለበሰ መርከብ ላይ እንደወጣ፣ ብዙ አገር ዞሮ እኛ ዘንድ እንደደረሰም አጫውቶናል። እናቱ እዚያው ቀርታለች። ደብዳቤዋ ከተቋረጠ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱ ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ማዶ ካለው ቤት ያለች ይመስል፣ «አሁን እናቴ ሻይ ታፈላለች» ይላል።

አንድ ክረምት ሲገባ፣ ለጣልያን ወታደሮች አስቂኝ ቲያትር የሚያዘጋጅ ሰው የሙሴን ያለፈ ሕይወት ሰምቶ ሚና ሰጠው። ሙሴ ከዶሮው ቤት እስከ ግቢው በር እየደነሰ ሄደ። አባቴ ጠላት ማሳቅ ነውር ነው ብለው ቢቆጡትም አልሰማቸውም፤ መድረክ ሲጠብቅ ጸጉሩ ሸብቷል።

በዚያው ሰሞን የታደሰ መርዶ በሹክሹክታ መጣ። ጣልያን ገድሎታል፤ ሬሳውም አልተገኘም። ጣልያን ሽፍታ ብሎ ለገደለው ያለቀሰ ቤቱ ይቃጠል ስለነበር እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ዝም አሉ። እህል አልወርድ አላቸው። «ልጄ ሳይለቀስለት ቀረ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አጡ፤ ጎረቤቱም የእሳቸውን ሞት መጠበቅ ጀመረ።

ሙሴ እንቁላል ሊሰጣቸው ገብቶ አያቸውና ወደ አባቴ መጣ።

«ጋሼ ገብሬ፣ እኔ እናት አለችኝ።»

«እግዜር ያቆያት።»

«አይደለም። ነገ ትሙት።»

አባቴ አማተቡ። «በእናት ይቀለዳል እንዴ፣ አንተ ሰው!»

«ቀልድ አይደለም፤ ቲያትር ነው። ለእኔ እናት ማልቀስ ማን ይከለክላል? እሳቸው ለፈለጉት ያልቅሱ።»

አጠገባቸው ቆሜ ሰምቼ ስለነበር፣ ብናገር ምላሴ እንደሚቆረጥ በአባቴ ተነገረኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አባቴ በደንቡ መሠረት ለሙሴ የእናቱን መርዶ ነገሩት። ጉለሌ እውነት መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። እማማ ጥሩነሽ መጀመሪያ ድምፃቸው አልወጣም፤ ከወጣ በኋላ ግን የሚመልሰው ጠፋ። ፊታቸውን ነጩ፣ ደረታቸውን ደቁ። በዚህ መሐል አስተርጓሚው ካራቢኔሮች ከሚባሉ ሁለት የጣልያን ፖሊሶች ጋር ገባ። ያገር ልጅ ነውና ለቅሶ ያውቃል።

«የሞተችው የፈረንጁ እናት ናት አይደል? ታዲያ እቺ ሴትዮ ፊቷን የምትነጨው ማን ሞቶባት ነው?»

እማማ ጥሩነሽ አልሰሙትም፤ ቢሰሙም ማቆም የሚችሉ አይመስለኝም።

እስከዚያች ሰዓት ሙሴ ለዶሮዎቹ በሚያሳየው ዓይነት ሲያለቅስ ነበር፤ እኔ አውቄበታለሁ። አሁን ግን ተነሣ፣ ሸሚዙን እስከ እምብርቱ ተረተረ፣ በቋንቋው አንድ ቃል ጮኸና መሬት ላይ ተፈጠፈጠ። ሐዘንተኛ ራሱን ሲጥል ደግፎ የሚይዝ ሰው ይቆማል፤ ፈረንጅ ይህን ያደርጋል ብሎ የጠበቀ ስላልነበረ ግንባሩን ድንጋይ አገኘው። ደሙን ሳይጠርግ ተነሥቶ ዳግመኛ ወደቀ። ጎረምሶች ተረባርበው ሲይዙት፣ ከእሱ ለቅሶ አጠገብ የእማማ ጥሩነሽ ለቅሶ የደግ ጎረቤት ለቅሶ መሰለ። አስተርጓሚው ባርኔጣውን አወለቀ። «ለካ ፈረንጅም አንጀት አለው» ብሎ ጣልያኖቹን ይዟቸው ወጣ።

እማማ ጥሩነሽ እስኪበቃቸው አለቀሱ። ሲመሽ ሽሮ ቀርቦላቸው ቀመሱና «ጨው አንሶታል» አሉ፤ እናቴ ከደስታዋ ብዛት ጨዉን ደፋችው። እኔ ሙሴ በዓይኑ እንዲጠቅሰኝ ጠበቅሁ፤ ዶሮዎቹ ጥለውት ሲሄዱ ይጠቅሰኝ ነበርና። አልጠቀሰኝም። የሚያየው ጠላት ከሄደ በኋላም ያለቅስ ነበር።

እናቱ የሞተችበት ሰው ዓመት ጥቁር ይለብሳል። ጥቁር ለባሽ መድረክ ላይ ወጥቶ ቢያስቅ አስተርጓሚው ነገሩን ይደርስበታልና፣ ሙሴ ሚናውን መለሰ፤ ለሌላ ሰው ተሰጠበት፣ ዳግመኛም አልተጠራም። ምንም የማያውቀው ጎረቤት በአርባው ሲሰበሰብ ሙሴ የሚያበላው ነገር ስላልነበረው ዶሮዎቹን አረደ። አባቴ ለንስሐ አባታቸው ውሸቱን ተናዘዙ፤ ጸጸቱን ግን ፈልገው ስላጡት ስግደቱ ተጨመረባቸው፣ ጉልበታቸው አብጦ ሰነበተ። እኔም ዛሬ ልጆቼን ሲዋሹ እቀጣለሁ፤ ለዚያ ቀን ውሸት የሚሆን ፍርድ ግን አላገኘሁም።

ሙሴ ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስለ ሻይ አያነሣም ነበር። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

«አለቀስኩላት እኮ» አለኝ። «አሁን ስታፈላ አትታየኝም።»

እማማ ጥሩነሽ ለልጃቸው ያለቀሱበት ዋጋ ሲደመር እንግዲህ ይህ ነው፦ የአንድ ግቢ ዶሮ፣ የአባቴ ጉልበት፣ የአንድ ሰው መድረክ፣ ምናልባትም ያን ጊዜ በሕይወት የነበረች አንዲት እናት።