ሱቋን ሳር አለበሱት

ሌባ ከበጎ አድራጊ ይሻላል ስል ሰዎች ለክርክር የምለው ይመስላቸዋል። ለክርክር የምለው ብዙ ነገር አለ፤ ይህን ግን አምኜበት ነው። ሌባ ዕቃህን የሚወስደው ዋጋ እንዳለው ስለገባው ነው። ሳትጠይቀው ሊያሳምርልህ የሚነሳ ሰው ግን ያለህ ነገር ከንቱ መሆኑን አስቀድሞ ወስኗል። ይህን ያረጋገጥኩት መርካቶ፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት ነው።

ቤቱ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ የጫማ መደብር በላይ ነበር። «ልማት» የሚለው ቃል በየአጥሩ የተለጠፈበት፣ ኢንተርኔት ግን እንደ ቧንቧ ውሃ አንዳንዴ ብቻ የሚመጣበት ዘመን ነው። ጽሑፎቼን ለጋዜጣ የምልከው ከዚያ ነበር። አንድ ገጽ እስኪሄድልኝ በእግሬ ይዤው ብሄድ እደርስ ነበር፤ ግን ወንበሩ ምቹ ነው፣ የሚያናግረኝም ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ከጎኔ ባለው ኮምፒውተር ላይ የማውቀውን ሱቅ አየሁ። የማውቀው ሱቅ ከፈረሰ ቆይቷል።

ሸማ ተራ ውስጥ የነበረ፣ ጋቢ የምገዛበት ሱቅ ነው። የዛገው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨቱ መዝጊያ፣ ከላይ እስከ ታች የተደረደረው ነጠላ፣ ሁሉም አለ። ባንኮኒው ሳይቀር አለ። ባለሱቁ ሸማውን በክንዳቸው እየለኩ ሲሸጡ በኖሩበት ቦታ ላይ እንጨቱ ተበልቶ ጎድጉዶ ነበር፤ ጉድጓዱም ስክሪኑ ላይ አለ። ዞር ብዬ ሳይ ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው የባለሱቁ ልጅ ናት። እሳቸው ሞተው፣ ሱቁን እሷ ተረክባ ስትነግድ፣ ተራው ፈረሰና በቦታው ፎቅ ቆመ። አሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመስታወት የታጠረች ክፍል ውስጥ ትሸጣለች። ለበዓል ልብስ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም።

«ምንድነው ይሄ?» አልኳት።

«ሱቃችን ነዋ ጋሼ። ረሱት እንዴ?»

ነገሩን አስረዳችኝ። ሰዎች በየአገራቸው ተቀምጠው፣ በሠሩት አካል ስክሪን ላይ እየተራመዱ የሚገናኙበት ዓለም ነው። መሬት ይሰጥሃል፣ ቤት ትሠራበታለህ፣ ልብስ ትለብሳለህ፣ ጎረቤት ታፈራለህ። ቀበሌ ደጅ ሳትጠና መሬት የምታገኝበት ቦታ መኖሩ ብቻ ያስደንቀኝ ነበር። የሻይ ጓደኞቼ ግን ስነግራቸው «ጨዋታ ነው» ብለው ሳቁ። ከሰዓት በኋላቸውን በዳማ የሚጨርሱ፣ መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች ናቸው።

ጨዋታ አልነበረም። ሴትዮዋ ምሳዋን እየዘለለች፣ ሥዕሉ በዚያ ቀርፋፋ መስመር መጀመሪያ ጭጋግ፣ ቀጥሎ እግር፣ ከዚያ ራስ እየሆነ እስኪመጣላት እየጠበቀች፣ ጥለቱን አንድ በአንድ ነው የሳለችው። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ዝገት ሳይቀር አባቷ ጣሪያውን የጠገኑበት ቦታ ላይ ለይታ ነው ያስቀመጠችው። ባንኮኒውን ደግሞ ተራው ሊፈርስ ሲል ጉድጓዱን በመዳፏ ለክታ፣ ያንን ልክ ይዛ ነው የሠራችው። ከአባቷ የቀራት ይህ ነበር። ፎቶግራፍ እንኳ ያላት አንድ፣ አባቷ በር ላይ ቆመው የተነሱት ብቻ ነው፤ ውስጡ አይታይም።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ሱቅ የሚጎበኘው ሰው ብዙ ነው። ሰውም ያልሆነ አለ። የቀበሮ ራስ ያለው አንድ ደንበኛ ነጠላ ወስዶ፣ ጥለቱን ወደ ፊቱ አድርጎ ደርቦት ሲወጣ እየሮጠች ተከተለችው።

«ማን ሞቶበት ነው?» አልኳት፣ እንደ ሐዘንተኛ ለብሶ ሳየው።

«እሱን ልጠይቀው ነው የምሮጠው» አለችኝ።

አስቆመችው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፈችለት፣ አስተካክሎ ለበሰ። በነጋታው ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ይህን የመሰለ የባህል ትምህርት በየትኛውም አዳራሽ ሲሰጥ አላየሁም፤ አዳራሽ ውስጥ ያየሁት ስለ ባህል ሲወራ ሰው ሲያዛጋ ነው።

በዚያ ዓለም ጎረቤቷ አንዲት ባሕር ማዶ ያለች ሴት ነበረች፤ ቤቷን ራሷ በሠራቻቸው የግድግዳ ሰዓቶች የምታስጌጥ፣ ትሑት፣ ሰላምተኛ። የባለሱቁ ልጅ ስህተት የመጣውም ከዚህ ጉርብትና ነው፤ የሸማ ተራ ሰው ብቻ ሊሠራው የሚችል ስህተት።

እኛ ዘንድ ነጋዴ ሲወጣ ሱቁን አይዘጋም። ዕቃው ላይ ጨርቅ ጣል ያደርግና ለጎረቤቱ «ዓይንህን ጣል» ብሎ ይሄዳል። የአባቷ ጎረቤት ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ የሚሸጡላቸው አባቷ ነበሩ፤ አባቷ ለንግሥ ሲሄዱ ደግሞ እሳቸው ይሸጡላቸዋል። ጎረቤቴ ዕቃዬን ይነካብኛል ብለህ መስጋት ነውር ነው፤ ጎረቤትነቱን መካድ ነው። ስለዚህ ያ ዓለም «ዕቃሽን ማን መንካት ይችላል?» ብሎ ሲጠይቃት፣ እሷ ያለ ማመንታት ጎረቤቷን አስገባች። መሸጥም፣ ማንሳትም፣ ማፍረስም እንድትችል ፈቀደችላት።

«ሁሉንም?» አልኳት።

«ታዲያ ምኑን ልከልክላት? ጎረቤቴ አይደለች?»

ከዚያ ኢንተርኔቱ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ፣ መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን ሰው አልነበረም፤ ባለኢንተርኔት ቤቱ «ከላይ ነው» ይላል፤ የት እንዳለ የማይታወቅ «ላይ»። ሳምንታት አለፉ። ሲመለስ እኔም ጽሑፍ ልልክ ሄጄ ነበርና አብረን ተቀመጥን። ጭጋጉ መጣ፣ ቀጥሎ እግር መጣ። እግሩ የቀጭኔ ነበር።

ቆርቆሮው የለም። በቦታው ሳር ክዳን አለ። የእንጨቱ መዝጊያ ቀርቶ የቀርከሃ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፤ በር ላይ ከበሮና ጦር ተደግፏል፤ ግቢው ውስጥ ቀጭኔዋ ቆማ ቅጠል ትበላለች። ነጠላዎቹ ተነስተው በቦታቸው የነብር ቆዳ ተሰቅሏል። ባንኮኒው የለም፤ የዛፍ ግንድ ቆሟል። ከላይ ደግሞ ጎረቤቷ የጻፈችው መልእክት ተንሳፍፏል። ተረጎምኩላት። «የኔ ቆንጆ፣ ስትጠፊ አሰብኩሽ። ያ ሁሉ ዝገት ያሳዝነኝ ነበር፤ አጸዳሁልሽ። የእውነተኛ አገርሽን ውበት ሰጥቼሻለሁ። ደስ እንደሚልሽ ተስፋ አለኝ» ይላል።

እውነተኛ አገርሽ። አገሯ መርካቶ ናት። ቀጭኔ ያየችው እንደኔ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ሴትዮዋ ማውሱን ይዛ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁልፎች አንድ በአንድ መንካት ጀመረች፤ ያጣችውን የሚመልስ ቁልፍ ካለ ብላ። የለም። የቀድሞው ዕቃ ጠፍቷል፤ ጎረቤቷ «አጸዳሁልሽ» ብላዋለች። ያ ቃል እኔን አናደደኝ። ተራው ሲፈርስም «ጸዳ» ነበር ያሉን። ነጋዴው ጠየቀ አልጠየቀ፣ ለእሱ ያማረውን የሚያውቁለት ሌሎች ነበሩ፤ ፕላኑን ሠርተው ሲያበቁ ነው ሰብስበው ያጨበጨቡለት። ተራውን ያፈረሰው መስታወት አለበሳት፣ ጎረቤቷ ሳር። አንደኛው ወደፊት ሊወስዳት፣ ሁለተኛዋ ወደ ኋላ። ባለችበት ቦታ ሊያያት የፈለገ ግን አልተገኘም።

ለጎረቤቷ መልስ ልጻፍላት አልኩና ጻፍኩ። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይሻሻላል። ስለ ትዕቢት፣ ስለ ቸርነት ክፋት፣ የሌላውን ሰው ድህነት ለማሳመር ስለሚሮጡ እጆች ሁለት ገጽ ሞላሁ።

«ምን ይላል?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ረዘመ ጋሼ።»

«በደሉም ረዝሟል።»

«እሷ ያንን ሁሉ አንብባ የምትረዳው እርስዎ ብዙ መጽሐፍ እንዳነበቡ ብቻ ነው። ‹ያለኔ ፈቃድ ሁለተኛ እንዳትነኪ› ብለው ይጻፉልኝ። በቃ።»

ጻፍኩ። ሁለቱን ገጽ ደመሰስኩት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። መልሱ ወዲያው መጣ፤ አንዲት ቢጫ ክብ ፊት፣ ፈገግ ያለች፣ ከሥሯ «ቅር ካለሽ ይቅርታ» የሚል። ቅር ካለሽ። ሴትዮዋ ጎረቤቷን ከፈቃዱ ሰረዘቻት። ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ጎረቤት መከልከል ለእሷ ከቀጭኔዋ በላይ ያስነወራት መሰለኝ።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ቀጭኔዋ ሄደች፣ ሳሩ ሄደ። ለብዙ ቀናት በየምሳ ሰዓቱ ቆርቆሮውን መልሳ ሰቀለች፤ ጥለቱን በቃሏ ስለምታውቀው በቀላሉ ሳለችው፤ እንዲያውም ከበፊቱ አማረ። ባንኮኒው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ጉድጓዱ የቱ ጋ ነበር?» አለችኝ።

«በግራ በኩል» አልኳት፣ በእርግጠኝነት። ዓመታት ያየሁት ነው።

«በቀኝ ነው እንጂ።»

«በግራ ነው እያልኩሽ።»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «እርስዎ እኮ በገዢ በኩል ነው የቆሙት። እኔ አባቴ ጀርባ ነው የቆምኩት።»

ትክክል ነበረች። ቦታውን አገኘነው። ልኩ ግን ማንም ጋ አልነበረም፤ ያኔ በመዳፏ የለካችውን ወረቀት ላይ አላሰፈረችውም። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ አይኗን ጨፍና፣ ያን እንጨት ለማስታወስ ሞከረች። አጎደጎደችው፣ አየችው፣ ሞላችው፤ እንደገና አጎደጎደችው። «ይሄ የአባቴ ክንድ አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ ሁሉንም ደፍና ልሙጥ እንጨት አደረገችው።

ላጽናናት ብዬ «ተይው፣ አንቺም ስትለኪበት በጊዜው ይጎደጉዳል» አልኳት።

«እዚህ ምንም አይጎደጉድም ጋሼ» አለችኝ። «እዚህ እንጨት አያልቅም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወደ ሦስተኛ ፎቋ ሄደች። ስክሪኑ ላይ የቀበሮ ራስ ያለው ሰውዬ ገብቶ፣ ልሙጡን ባንኮኒ ተደግፎ፣ ባለሱቋን ይጠብቅ ነበር።