የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ

«ቁልፉን በገዛ እጅሽ አስረክበሽኝ፣ አሁን ምን ልትይ መጣሽ?» አለኝ አዳማ ያለውን የድሮ ሱቃችንን የተከራየው ሰውዬ።

እውነቱን ነው። ወደ አርሲ ነገሌ ስንዛወር ሚዛኑንና መደርደሪያውን አንድ ሳላስቀር አስጭኛለሁ። የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ ግን ከበሩ ቁልፎች ጋር በአንድ ክር ታስሮ ስለነበር አብሬ ሰጠሁት። ግንባር ያለው ወንድሜ የሚያውቀው ያንን ሳጥን ብቻ ነው። እናቴ ድምፁ ሲጠፋባት ነጠላዋን ለመዘቅዘቅ ምንም አልቀራትም።

«ደብዳቤ መጥቶ ነበር?»

«ሦስት። ‹ባለቤቱ አይታወቅም› ብዬ መለስኳቸው።»

«የት እንደሄድን ያውቁ የለም እንዴ!»

«ታዲያ እኔ ፖስተኛችሁ ነኝ?»

እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉን ከክሩ ፈቶ ባንኮኒው ላይ ወረወረው። አንስቼ ወጣሁ።