ስድስት በቆሎ፣ ስምንት ቦሎቄ

የያዙኝ ቦዲቲ ገበያ ላይ ነው፣ የተፈጨ በርበሬ ስሸጥ። በርበሬውን የምጠቀልልበትን አሮጌ ወረቀት ከአንድ ሱቅ ነበር የማመጣው። ፊደል አልለይም፤ ምን እንደተጻፈበት በምን አውቄ? ለካ ተማሪዎች መንግሥትን የተቃወሙበት ወረቀት ኖሯል። ፖሊሱ ጥቅሉን ፈትቶ በርበሬዬን መሬት ላይ ደፋና ወረቀቱን አነበበ። እኔ የደነገጥኩት ለበርበሬው ነበር። ሞኝነቴ።

ሶዶ ወስደው እስር ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ከተቱኝ። እናቷ የሞተችባት የአራት ዓመት የልጅ ልጄ ጎረቤት ቀረች፤ ማታ እመለሳለሁ ብያት ነበር የወጣሁት።

እኔ እግሬ ቤት የማያውቅ ሰው ነኝ። ለዝንጅብል ቦምቤ ገበያ፣ የታመመ ለመጠየቅ ኦቶና ሆስፒታል፣ እንዲሁ ስዞር ነው የኖርኩት። ያ ክፍል ግን ከግድግዳ ግድግዳ አምስት እርምጃ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ጥግ ላይ ባልዲ አለ፣ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባል። ውስጡ ሦስት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና የኬሚስትሪ አስተማሪያቸው ነበሩ፤ ሁሉም ሴቶች። አስተማሪዋን ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ ብለዋታል። ግራ እጇ አብጦ ነበር። ምን ሆነሽ ብዬ አልጠየቅኳትም።

የልጆቹ ፈተና ደርሷል፣ ደብተር ክልክል ነው። ምሳችን የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ነው፣ ለሰው አንድ እፍኝ። ሲመጣ አስተማሪዋ "ቆይ፣ ቶሎ አትጨርሱ" ትላለች። ከየእፍኛችን ጥቂት ፍሬ ሰብስባ ነጠላዬ ላይ ትደረድራለች። ርቦን እያለ ማለት ነው።

"በቆሎው ፕሮቶን፣ ቦሎቄው ኒውትሮን። ስድስት በቆሎ ካለ ካርቦን ነው።"

"ኤሌክትሮኑስ፣ ቲቸር?" አለች ትንሿ።

"ዝንቦቹ አሉልን፤ ይኸው ይዞሩናል።"

ሳቅን። እዚያ ቤት ሲሳቅ የራስ ድምፅ ያስደነግጣል።

ለእኔ ስትል በወላይትኛ ደገመችው። ስድስት በቆሎ ከስድስት ቦሎቄ ጋር፣ ካርቦን አሥራ ሁለት። ሁለት ቦሎቄ ጨመረችበት፣ ካርቦን አሥራ አራት።

"አሁንም ካርቦን ነው፣ እማማ። ከበደ እንጂ ሌላ አልሆነም። አይሶቶፕ ይባላሉ።"

"በቆሎ ብትጨምሪበትስ?"

ልጆቹን ዞራ አየቻቸው። "ይህን እናንተ አልጠየቃችሁኝም! በቆሎ ከተጨመረ ስሙም ይቀየራል፣ እማማ።"

ደግሞ የዚያ የካርቦን አሥራ አራቱ ክምር ቢኖረን፣ በብዙ ሺህ ዓመት ግማሹ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል አለችን። ያንኑ ያህል ዓመት ሲያልፍ ደግሞ ከቀረው ላይ ግማሹ።

"ማን ቁጭ ብሎ ጠበቀው?" ስላት እጇን እስኪያማት ሳቀች።

ዘበኛው ለካ በር ላይ ያዳምጣል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ መርማሪ አስጠራኝ።

"ይቀመጡ፣ እማማ። እዚያ ውስጥ ስድስት፣ ስምንት እያሉ የሚቆጥሩት ሰዎቻቸውን ነው፣ አይደል? አስተማሪዋ መልእክት ስታቀብላቸው ሰምቻለሁ ይበሉና እዚህ ላይ የጣት አሻራዎን ያኑሩ። ዛሬውኑ የልጅ ልጅዎ ዘንድ ይገባሉ።"

ስለ ልጅቷ ያውቃል። የቀለሙን ክዳን ከፈተ።

ልቤ አልሄደም አልልም። ቤቴ ደርሶ ተመለሰ።

"አይደለም፣ ጌታዬ። ካርቦን ነው" አልኩት። የነጠላዬን ጫፍ ፈትቼ ለትምህርቱ የቋጠርኳቸውን ፍሬዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። "ቦሎቄ ቢጨምሩበት ይከብዳል እንጂ ያው ነው። ስሙን የሚቀይረው በቆሎው ነው።"

"ፊደል ያልቆጠርሽ አሮጊት ኬሚስትሪ ልታስተምሪኝ?" ፍሬዎቹን በመዳፉ ጠርጎ መሬት ላይ በተናቸው። "አምጪ አውራ ጣትሽን!"

አውራ ጣቴን እጄ ውስጥ ጨበጥኩት። ከዚያ ተንበርክኬ በሌላው እጄ ፍሬዎቹን ለቀምኩ። አንድ ቦሎቄ ጎደለኝ፤ ጫማው ሥር ነበር።

"እግርዎን ያንሱልኝ" አልኩት።

አነሳው። ለምን እንዳነሳው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት አስተማሪዋን "ዕቃሽን ያዢ" አሏት። ዕቃ አልነበራትም። የልጆቹን ራስ አንድ በአንድ ዳስሳ ወጣች።

ምሳ ሲመጣ ልጆቹ ንፍሮውን አልነኩትም። አንዷም አንዷን አታይም። ነጠላዬን አነጠፍኩና ስድስት በቆሎ አስቀመጥኩ።

"ይሄ ማነው?" አልኳቸው።

ትንሿ "ካርቦን" አለች።

"ስንት ቦሎቄ ልጨምር?"

አምስት ወር ቆየሁ። ስወጣ የልጅ ልጄ አላወቀችኝም፤ የጎረቤቴ ቀሚስ ሥር ገብታ ተደበቀች። አስተማሪዋ የት እንደደረሰች የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ይህን የምትጽፍልኝ ያቺው የልጅ ልጄ ናት። አሁንም ደጃችን መኪና ሲቆም አውራ ጣቴ እጄ ውስጥ ይገባል። ከድሮው ይሻላል፤ ፍርሃቱ ግማሹ ሄዷል፣ ከቀረውም ግማሹ። መቼ ነው ጨርሶ የሚያልቀው ብዬ ጠየቅኳት።

እስክሪብቶውን አስቀምጣ አሰበች። "በሂሳቡ ከሆነ አያልቅም፣ አያቴ።"

"እሺ፣ እሱንም ጻፊው" አልኳት።