ያደታ ለቅሶ የደረሰበት ቤት

ከያደታ ጋር ኢስትሙር የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አፓርትመንት እንጋራለን። እኔ አብዱረዛቅ፣ ወሎዬ ሙስሊም፤ እሱ የነቀምቴ ልጅ፣ መካነ ኢየሱስ፣ ሉተራኖቹ ቤት፣ ያደገ። ዲቪ ደርሶት በ2020 በገባ በሳምንቱ ከተማው ሁሉ በኮሮና ተዘጋ፤ ብቸኝነቱ ሊያሳብደው ደርሶ ነበር።

ያኔ ሰፈራችን ያለው የሉተራን ቤተክርስቲያን ጸሎቱን ፓርኪንግ ላይ ያደርግ ነበር። ሰው መኪናው ውስጥ ሆኖ በሬዲዮ ይሰማል። ያደታ መኪና የለው፣ አጥር ስር ይቆማል። ዋልተር የሚባሉ ሽማግሌና ሚስታቸው አይተውት ማስክ ሰጡትና መስኮቱን ሁሉ ከፍተው የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ቦታው እዚያ ሆነ።

"ዜማው ያው የልጅነቴ ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን የት እንዳለሁ ይጠፋኛል" ይለኝ ነበር።

በ2022 ክረምት የዋልተር ሚስት አረፉ። ቤተሰቡ ብቻውን መሆን ይፈልጋል የሚል ኢሜይል ከቤተክርስቲያኑ መጣ። ያደታ አነበበው፣ ግን አልተዋጠለትም።

"ሰው ሞቶበት እንዴት ብቻውን ይቀመጣል?"

"የአገሩ ወግ ነዋ! ተው፣ ፖሊስ ይጠሩብናል" አልኩት። ማን ሊሰማኝ! ምስር ወጡን ሠርቶ እኔን ሾፌር አድርጎኝ ሄድን።

ዋልተር ከፈቱልን። ገብተን ተቀመጥን። ውጭ በረዶው ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔ ለፍላፊው እንኳ ዝም አልኩ። ነቅቼ ይሁን ተኝቼ ሳላውቀው ሁለት ሰዓት አለፈ። ስንወጣ አመስግነውን በሩን ዘጉ። በማግስቱም ሄድን።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፓስተሩ ለያደታ ኮል አደረገለት። በትሕትና ነው የተናገረው፤ ግን ሌላ ከተማ ያለችው የዋልተር ልጅ ቅር ብሏታል፣ እባካችሁ ለብቻቸው ተዉአቸው አለ።

ያደታ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። "እዚህ አገር ያለኝ ዘመድ እነሱ ነበሩ፤ በገዛ እጄ አበላሸሁት። በምን ዓይኔ እሁድ እሄዳለሁ?"

ነግሬህ አልነበር ልለው ነበር፤ ፊቱን ሳይ ተውኩት። አንጀቴን በላው። ያደታ የዕለቱን የሥራ ሺፍትም ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኩ ጠራ። ዋልተር ናቸው። ያደታ ስፒከር ላይ አደረገው።

"ዛሬ ምነው ቀራችሁ?" አሉ ሽማግሌው። "ከጠዋት ጀምሮ በሩን ሳልቆልፍ እየጠበቅኳችሁ ነው።"