በልብስ ጫፍ የተቆራኙ ሁለት ተማሪዎች

ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነው፤ ልጆቼን ድሬ ከጨረስሁ በኋላ፣ ከቄስ ወንድሜ ዘንድ። ስለዚህ ይሆናል፣ አንኮበር ላይ በግቢዬ ስድስት ሕፃናት ሰብስቤ ማስቆጠር ስጀምር አንዲት ፊደል እንኳ በዋዛ አላሳልፍም ነበር። ልጆቹ «የኔታ» ይሉኛል። ካህናቱ ይህን ሲሰሙ «ሴት የኔታ!» እያሉ ይስቃሉ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከሄደ ወዲህ በከተማችን የሚያስቅ ነገር አንሶ ነበርና አልከፋኝም።

ያለን ብራና አንድ ነው። አንዱ ጉልበቱ ላይ ይዘረጋዋል፣ የቀሩት ይከቡታል። ከስድስቱ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ከቁልቁለቱ በታች የሚኖር የአንድ ገበሬ ልጅ፣ ሰባት ዓመቷ። እንዲሰዳት አባቷን ክረምቱን ሙሉ ለምኜዋለሁ። ግን አንድ ቀን ፊቷ ተቧጥጦ ቤት ብትገባ መጥቶ፣ ልጆቹ እየሰሙ፣ «እሜቴ፣ ሌላ ጠብ ካየሁ እንዝርቷን ይዛ እናቷ ዘንድ ትቀመጣለች» አለኝ። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

በሳምንቱ፣ አባቷ ከገበያ ሲመለስ ሊወስዳት በሚመጣበት ቅዳሜ፣ እንደገና ተጣሉ። ብራናውን እንደ ወትሮው የዘረጋችው እሷ ነበረች፤ ፊት ለፊቷ የሚቀመጠው የቄስ ልጅ ሲያነብ ተሳሳተ፤ እሷ «የሌሊት ወፍ፣ ቀን የማታይ!» ብላ ሳቀችበት፤ እሱ ብራናውን ነጠቃት፤ ነከሰችው፤ ጉንጯን ቧጠጣት። ጉንጯን ሳይ የአባቷ ዛቻ ትዝ አለኝ።

ባለጉዳዮች ዳኛ ፊት ሲሄዱ እንደሚደረገው፣ የሁለቱን ልብስ ጫፍ ለጫፍ ቋጥሬ አቆራኘኋቸው። ያፍራሉ ብዬ ነበር። የት አባታቸው! አራቱ ተመልካቾች ወዲያው ዋስና ጠበቃ ሆኑ፤ የቄሱ ልጅ እንደ አባቶቹ እጁን እያወራጨ መሬቱን እየረገጠ «ተጠየቅ!» ይላል፤ እሷም ታቅራራለች። ሁሉም ሊረታ ነው እንጂ ማን ምን እንደ ተበደለ የሚጠይቅ የለም።

«ዝም በሉ» አልሁ። ከእንግዲህ የራሱን ቃል የሚናገር የለም፤ እያንዳንዱ የሌላውን ቃል ይናገራል፣ ያኛው «ቃሌ ነው» እስኪል ድረስ።

እሷ ጀመረች። «ብራናውን የነጠቅሁት ክፉ ስለ ሆንሁ ነው።»

«ቃሌ አይደለም» አለ።

«የነጠቅሁት ቀንቼ ነው።»

እንደገና አይደለም አለ። ሦስተኛ ልትናገር አፏን ከፈተችና ቆመች። ከዚያ ብድግ ብላ፣ የተቋጠረውን ልጅ እየጎተተች፣ እሱ የሚቀመጥበት ድንጋይ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ወደ እሷ ስፍራ መልሼ የዘረጋሁትን ብራና አየች።

«ውይ፣ የኔታ፣ ከዚህ ሲያዩት ሀ በአናቷ ቆማለች!»

ደንግጬ አጠገቧ ተንበረከክሁ። እውነቷን ነበር። ልጁ ወር ሙሉ የቆጠረው የተገለበጠ ፊደል ነው፤ እዚያ ድንጋይ ላይ ያስቀመጥሁትም እኔው ነኝ። ለአንዲት ነቁጥ የምቆጣው ሴትዮ ይህን አላየሁም!

በዚሁ መካከል አባቷ በደጃፉ ብቅ አለ። የጉንጯን ጭረት አየ። የቄሱ ልጅ ግን ቀደመው፤ «በሕግ አምላክ! ይቁሙና ይዳኙን» አለው።

በሕግ አምላክ የተባለ መንገደኛ ጥሎ አይሄድም። ዱላውን ተመርኩዞ ቆመ፣ ጥርሱን ነክሶ። ልጅቷ፣ ልጄ ብላት ምን አለበት፣ የልጁን ቃል ተናገረች፦ ፊደሉ ተገልብጦበት ተሳሳተ፣ ስትስቅበት ብራናውን ሊያዞረው ነጠቀ። «ቃሌ ነው» አለ። ተራው የእሱ ሆነ። ትንሽ አሰበና አጎንብሶ፣

«የነከስሁት ብራናውን ከለቀቅሁ አይመለስልኝም ብዬ ፈርቼ ነው። እናንተ ሁልጊዜ ትማራላችሁ፤ እኔን አባቴ ካስቀረኝ እንዝርት ነው» አለ።

«ቃልሽ ነው?» አልኋት።

አባቷን ሳታይ «ቃሌ ነው» አለች።

ሰውየው ዱላውን መሬት ላይ አኖረ። ኋላም «እኔ ምን ልፍረድ፣ እነሱው ጨርሰውት» ብሎ ቁጢጥ አለና ቋጠሮውን በወፍራም ጣቶቹ ፈታው። ብራናውን አንሥቶ አገላብጦ አየ።

«ለመሆኑ ራሱ በየት በኩል ነው?»

ሁለቱም እጃቸውን ሰደው እኩል አዞሩለት።

«ሰኞ አመጣታለሁ» አለኝ። «ግን እሜቴ፣ ሁሉንም በአንድ ወገን ያስቀምጧቸው።»