የመሞከሪያው መረብ የቆመበት ሳምንት

የነዳጅ ዋጋ ወርዶ የካናዳዋ ካልጋሪ መሃል ከተማ ፎቆች ባዶ መሆን ሲጀምሩ እኔም ሌይኦፍ ተደረግኩ። ዘጠኝ ዓመት የነዳጅ ኩባንያ ሶፍትዌር ስፈትሽ ኖሬ፣ ዋይትሆርን ሰፈር ባለው ቤቴ ውስጥ ረፋድ ላይ በፒጃማ ሥራ የምፈልግ ሰው ሆንኩ።

አብራኝ የተባረረች ባልደረባዬ አንድ ሐሳብ ነበራት። መድኃኒት በሚያመላልስ ማቀዝቀዣ መኪና ውስጥ ያለውን ሙቀት በየአሥር ደቂቃው እየለካን፣ ክሪፕቶ የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በሚሠራበት ዓይነት መረብ ላይ እናስቀምጠው፤ አንዴ ከገባ ማንም ሊቀይረው አይችልም አለችኝ። የክሪፕቶም ገበያ ያኔ ወድቆ ስለነበር ወሬውን መስማት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። እኔ ግን እሺ አልኩ።

ፕሮግራሙን የምንሞክረው ቴስት ኔት ላይ ነበር፤ እውነተኛ ገንዘብ የማይንቀሳቀስበት፣ ለፕሮግራም ሠሪዎች መለማመጃ የተተወ መረብ። ለሙከራው ማቀዝቀዣ መኪናቸውን የሰጡን ጎረቤቴ ናቸው፤ አሥመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ኦኮቶክስ በምትባል ቅርብ ከተማ ላሉ ሱቆች ወተት የሚያደርሱ ኤርትራዊ አዛውንት። ጋሼ እላቸዋለሁ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስገባነው መለኪያ ቁጥሩን የሚልከው በስልካቸው በኩል ነበር።

ሥራችንን ለአንድ መድኃኒት አከፋፋይ ልናሳይ ሦስት ቀን ሲቀረን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ስክሪኔ ላይ ቁጥር መግባቱ ቀጥ አለ። ጋሼ ደወሉ።

“ኦኮቶክስ ደርሻለሁ። ገባልሽ?”

“አልገባም ጋሼ። ኔትወርኩ ቆሟል።”

“የኔ ስልክ ይሆን እንዴ?”

“አይደለም፣ የምንሞክርበት ኔትወርክ ራሱ ነው። ሰዎች በፈቃዳቸው ኮምፒውተራቸውን አብርተው ነው የሚያቆዩት። ደመወዝ የሚከፈለው የለም።”

“ሲሰለቻቸው ያጠፉታላ!”

ስክሪኑን እንደገና ከፈትኩት፤ አዲስ ቁጥር የለም።

“እኔስ ልቀጥል ወይስ ልተወው?”

“ይቀጥሉ” አልኳቸው፤ ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መረቡ ተመለሰ። የሁለቱ ቀን ልኬት ከስልካቸው ተከታትሎ ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። አንድም አልገባም። ኮዱን ከፍቼ ሳየው ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ መረቡ መልስ ካልሰጠ ልኬቱን ጥሎ እንዲያልፍ አድርጌ ጽፌዋለሁ። መረብ ይቆማል ብዬ አስቤው አላውቅም። ያ መረብ ባይቆም ኖሮ ይህን ስህተት እውነተኛ መድኃኒት የጫነ መኪና ላይ ነበር የማገኘው።

ከሰዓት ጋሼ አንድ ደብተር ይዘው መጡ። በቆሙበት ሱቅ ሁሉ የማቀዝቀዣውን ሙቀት በእጃቸው ጽፈዋል።

“ማን ይጻፉ አለዎት?” አልኳቸው።

“ማንም። ይቀጥሉ ስትይኝ ዝም ብዬ ልንዳ?”

ፕሮግራሙን አስተካከልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ መረቡ እስኪመለስ ልኬቱን ይዞ ይጠብቃል። ባልደረባዬም ከሦስት አሮጌ ኮምፒውተሮች የራሳችንን ትንሽ መሞከሪያ መረብ ሠራች። በፈለግን ጊዜ የምናቆመው፣ በፈለግን ጊዜ የምናስነሳው።

ዓርብ የአከፋፋዩ ማናጀር ፊት የሆነውን ሁሉ ተናገርኩ። ባልደረባዬ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ከዚያ ለማሳያ ልኬቱ በየሴኮንዱ እንዲላክ አድርጌ፣ የኮምፒውተሮቹን ገመድ ነቅዬ መረባችንን አቆምኩት፣ መልሼም ሰካሁት። ስልኩ ላይ የተጠራቀሙት ቁጥሮች አንድም ሳይጎድሉ ገቡ። ሰውየው “እኔ ልንቀለው?” አለ። ሁለቴ ነቀለው። የስድስት ወር ሙከራ ሰጠን።

ጋሼን ይቀጠሩልን ስንላቸው ትንሽ አሰቡና “የጥርስ ኢንሹራንስ አለው?” አሉ።

አልነበረውም፤ እንዲያም ሆኖ ተቀጠሩ። በሁለተኛው ዓመት ግን ኢንሹራንሱ መጣ።